ማሸነፍ ይችላል ወይ? የፓርቲ ዕጩ ስንመርጥ የምንጠይቀው ጥያቄ



የምርጫ ሰሞን በመጣ ቁጥር በቡና ቤቱም፣ ከቅዳሴ በኋላ ሻይ በሚጠጣበት አዳራሽም፣ ኤርፖርት ተሳፋሪ በሚጠበቅበት የታክሲ ሰልፍም አንድ ዓይነት ንግግር ይሰማል። የአንዲት ዕጩ ስም ይነሳል። «ሴትየዋ ጎበዝ ናት፤ የምትለውም ልክ ነው። ግን አታሸንፍም» ይላል አንዱ። «ለምን?» ሲባል «እነሱ አይመርጧትም» ብሎ ይመልሳል። እነሱ የሚላቸው የገዛ ጎረቤቶቹን ነው። ሰውየው ዕጩዋን ወዷታል። ድምፁን ግን ጎረቤቶቼ አይወዷትም ብሎ በመገመት ለሌላ ሰው ይሰጣል።

የዛሬው ዝግጅታችን ስለዚህ ግምት ነው። መገመቱን አልቃወምም። በፓርቲ የውስጥ ምርጫ፣ በተለምዶ ፕራይመሪ በምንለው፣ ድምፅ የሚሰጥ ሰው «ይህ ዕጩ ኖቬምበር ላይ ሌላውን ፓርቲ ገጥሞ ማሸነፍ ይችላል ወይ?» ብሎ መጠየቁ ተገቢ ነው። ዕጩው ከተሸነፈ የወደድንለት ሐሳብ ሁሉ ወረቀት ላይ ይቀራልና። የሚያሳስበኝ መልሱን ከየት እንደምናመጣው ነው። ቆጥረን ማወቅ የምንችለውን ነገር ትተን፣ ስለ ሰው ክፋት በሰማነው ወሬ ስንመልስ ብዙ ጊዜ አያለሁ። ምሳሌዎቼ ብዙዎቻችን ከምንኖርባቸው ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ፣ እንዲሁም ከጎረቤታቸው ከዴላዌር ናቸው። ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ከሜሪላንድ ልጀምር። በ2023 ሴናተር ቤን ካርዲን ዳግመኛ እንደማይወዳደሩ አስታወቁ። ወንበሩን ለመያዝ በዴሞክራቶች በኩል ሁለት ጠንካራ ዕጩዎች ተነሡ። አንዱ ዴቪድ ትሮን ናቸው። ቶታል ዋይን የተባለውን የመጠጥ መደብር ከወንድማቸው ጋር አቋቁመው ከፍተኛ ሀብት ያፈሩና በዋሽንግተን የተወካዮች ምክር ቤት አባል የነበሩ ነጭ ወንድ ናቸው። ሌላዋ አንጀላ ኦልሶብሩክስ ይባላሉ፤ የፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ዋና አስተዳዳሪ፣ ከዚያ በፊትም የካውንቲው ዋና አቃቤ ሕግ የነበሩ ጥቁር ሴት ናቸው። ከሜሪላንድ እስከዚያ ጊዜ ድረስ አንድም ጥቁር ሰው ለሴኔት ተመርጦ አያውቅም ነበር።

በፌብሩዋሪ 2024 ሪፐብሊካኑ ላሪ ሆገን ለዚሁ ወንበር እወዳደራለሁ ሲሉ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። ሆገን ተራ ተወዳዳሪ አልነበሩም። የተመዘገበው ዴሞክራት ከተመዘገበው ሪፐብሊካን እጥፍ በሆነበት ክፍለ ግዛት ሁለት ጊዜ አገረ ገዥ ሆነው የተመረጡ፣ ዶናልድ ትራምፕንም በአደባባይ የሚተቹ ሰው ናቸው። ዋሽንግተን ፖስትና የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ በማርች ባወጡት የሕዝብ አስተያየት ጥናት ሆገን ትሮንንም ኦልሶብሩክስንም ከ10 ነጥብ በላይ ይመሩ ነበር። ዴሞክራቶቹ ተደናገጡ። ከዚያ በኋላ የውስጥ ምርጫው ዋና ጥያቄ «ሆገንን ማን ይጥላል?» የሚል ሆነ።

ትሮን ለዚህ ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ ነበራቸው። በክፍለ ግዛቱ ካሉት የምክር ቤት ወረዳዎች ፉክክሩ በሚጠናበት፣ ወደ ምዕራብ በተዘረጋው 6ኛ ወረዳ ሦስት ጊዜ አሸንፈዋል። በዚያ ላይ ዘመቻቸውን በገዛ ገንዘባቸው ስለሚያካሂዱ ፓርቲው ያለውን ገንዘብ እንደ ሞንታናና ኦሃዮ ላሉ አስጊ ቦታዎች ያውለዋል አሉ። ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከኪሳቸው አወጡ። በዚያ ሰሞን ሜሪላንድ ውስጥ ቴሌቪዥን የከፈተ ሰው የሳቸውን ማስታወቂያ ሳያይ አያድርም ነበር። ክርክራቸው ባዶ አልነበረም። ኦልሶብሩክስ እስከዚያ ያሸነፉት በአንድ ካውንቲ ውስጥ ነው፤ እሱም የዴሞክራቶችን ውስጣዊ ምርጫ ያለፈ ሰው ኖቬምበርን የማይፈራበት ካውንቲ ነው። መዝገቡን ብቻ ያየ ሰው ወደ ትሮን ቢያዘነብል አይፈረድበትም።

ኦልሶብሩክስ በበኩላቸው ሌላ ስሌት ይዘው ቀረቡ። ሆገን የሚሸነፉት የፕሪንስ ጆርጅስና የባልቲሞር መራጭ ኖቬምበር ላይ ተነሥቶ ሲወጣ ነው፤ የፅንስ ማቋረጥ መብት የሚያሳስባቸው ሴቶችም ከልባቸው ሲሰለፉ ነው አሉ። አገረ ገዥው ዌስ ሙርና ሴናተር ክሪስ ቫን ሆለን ከጎናቸው ቆሙ። ሜይ 14 ቀን ድምፁ ሲቆጠር ኦልሶብሩክስ 53 በመቶ፣ ትሮን 43 በመቶ አገኙ። ኖቬምበር ላይ ደግሞ ያን ሁሉ ያስፈሩትን ሆገንን በ12 ነጥብ ገደማ አሸነፉ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ምን እንደሆነ እንይ። «ትሮን ቢሆኑ ይሸነፉ ነበር» ማለቴ አይደለም። ምናልባት እሳቸውም ያሸንፉ ነበር። ሜሪላንድ ውስጥ በዚያው ቀን ካማላ ሃሪስ ትራምፕን ከ28 ነጥብ በላይ በልጠዋል። ሆገን ከትራምፕ እጅግ የተሻለ ድምፅ አግኝተዋል፤ ከፓርቲያቸው ርቀው መታየታቸው ጠቅሟቸዋል። ጉድጓዱ ግን ከዘለሉት ርቀት ይሰፋ ነበር። ያው መራጭ ሆገንን ለአገረ ገዥነት ሁለት ጊዜ መርጦ ለሴኔት ሲሆን እምቢ ያለው ያለ ምክንያት አይደለም። አገረ ገዥ አናፖሊስ ተቀምጦ መንገድና ትምህርት ቤት ያስተዳድራል። ሴናተር ግን ዋሽንግተን ገብቶ ሴኔቱን የትኛው ፓርቲ እንደሚመራ የሚወስን አንድ ድምፅ ነው። መራጩ ሆገንን ቢወድም ሴኔቱን ለሪፐብሊካኖች መስጠት አልፈለገም።

ከዚህ የምወስደው የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው። ገበሬ ዘር ከመምረጡ በፊት መሬቱን ያያል፤ እኛም ስለ ዕጩው ቀለም፣ ጾታ፣ ንግግርና አለባበስ ከመከራከራችን በፊት ክፍለ ግዛቱን እንይ። ባለፉት ሁለትና ሦስት ምርጫዎች የትኛው ፓርቲ በስንት ነጥብ አሸነፈ? የሚመረጠውስ ለየትኛው ሥልጣን ነው? ልዩነቱ 20 ነጥብ በሆነበት ክፍለ ግዛት ዕጩው የሚጨምረውና የሚቀንሰው ጥቂት ነጥብ ብዙ ጊዜ ውጤቱን አይለውጥም፤ ስለዚህ በነፃነት የልባችንን መምረጥ እንችላለን። ልዩነቱ ሁለትና ሦስት ነጥብ በሆነበት ግን «ማን ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ ከባድ ይሆናል።

አንዳንዴ ግን አንድ ፓርቲ በሚበዛበት ክፍለ ግዛትም ቢሆን ዕጩው ራሱ ውጤቱን ሊለውጥ እንደሚችል የሚያሳየው የዴላዌር ታሪክ ነው። በ2010 ጆ ባይደን ምክትል ፕሬዚዳንት ሲሆኑ የለቀቁትን የሴኔት ወንበር ለመያዝ ምርጫ ነበር። ሪፐብሊካኖች ማይክ ካስል የሚባሉ ሰው ነበሯቸው። ምክትል አገረ ገዥ፣ አገረ ገዥ፣ ከዚያም የተወካዮች ምክር ቤት አባል ሆነው አገልግለዋል። ዴላዌር ትንሽ በመሆኗ ለተወካዮች ምክር ቤት የምትልከው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ያም ማለት ካስል እያንዳንዱን ምርጫ ያሸነፉት በመላው ክፍለ ግዛት ነው፤ በጠቅላላው 12 ጊዜ። የአስተያየት ጥናቶች ሁሉ ዴሞክራቱን ክሪስ ኩንስን በሰፊ ልዩነት እንደሚያሸንፉ ያሳዩ ነበር። በፓርቲያቸው የውስጥ ምርጫ የገጠሟቸው ክሪስቲን ኦዶኔል ደግሞ በ2008 በዚያው ወንበር ከባይደን ጋር ተወዳድረው በ30 ነጥብ ገደማ የተሸነፉ ናቸው።

ሴፕቴምበር 14 ቀን በተደረገው የውስጥ ምርጫ ድምፅ የሰጠው ሪፐብሊካን 57 ሺህ ያህል ነበር። ኦዶኔል በ3 ሺህ 500 ድምፅ ገደማ አሸነፉ። ኖቬምበር ላይ ኩንስ በ17 ነጥብ ገደማ ረቷቸው፤ እስካሁንም በዚያው ወንበር ላይ ናቸው። እዚህ ማስረጃው ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ አንደኛው ወገን 12 ድል፣ ሌላኛው የቅርብ ጊዜ ከባድ ሽንፈት። ለኦዶኔል ድምፅ ከሰጡት መካከል «ከሌላው ፓርቲ ጋር አብሮ ድምፅ የሚሰጥ ሴናተር ከምናገኝ ብንሸነፍ ይሻላል» ያሉ ነበሩ። ይህን አውቆ፣ ዋጋውን ቆጥሮ የወሰነን ሰው አከብራለሁ። የሚያሳዝነኝ ማስረጃውን ሳያይ «ታሸንፋለች» ብሎ ያመነው ነው።

ይህ የአንድ ክፍለ ግዛት አጋጣሚ ብቻ አይደለም። አንድሩ ሆል የተባሉ የፖለቲካ ሳይንስ ተመራማሪ ከ1980 እስከ 2010 የተደረጉ የተወካዮች ምክር ቤት ምርጫዎችን መርምረዋል። በውስጥ ምርጫው ጫፍ የያዘው ዕጩ ለዘብተኛውን በጠባብ ልዩነት ያሸነፈባቸውን ቦታዎች ለይተው ኖቬምበር ላይ የሆነውን ሲያዩ፣ ጫፍ የያዘውን ዕጩ ያቀረበው ፓርቲ በአማካይ ከ9 እስከ 13 ነጥብ የሚሆን ድምፅ አጥቷል። ጥናቱ ስለ ወረዳ እንጂ ስለ መላው ክፍለ ግዛት አይደለም፤ ቢሆንም አቅጣጫውን ያሳያል። ዕጩው የያዘው አቋም ለፓርቲው ብዙ ድምፅ ሊያሳጣ ይችላል ማለት ነው።

ስለ ቀለምና ስለ ጾታስ? ወደ ቨርጂኒያ እንሻገር፤ ዓመቱ 1985 ነው። ዳግላስ ዋይልደር በባርነት የኖሩ ሰዎች የልጅ ልጅ ናቸው። የዴሞክራቶች የምክትል አገረ ገዥ ዕጩ ለመሆን ተነሡ። በዚያ ጊዜ በመላው ቨርጂኒያ ድምፅ ለሚያዝ ሥልጣን የተመረጠ ጥቁር አልነበረም። ዋና ከተማዋ ሪችመንድ በእርስ በርስ ጦርነቱ ዘመን ለባርነት የቆሙት ክፍለ ግዛቶች መናገሻ ነበረች። በፓርቲው ውስጥ ብዙዎች ጨነቃቸው። «ሰውየው መሸነፉ ሳያንስ ለአገረ ገዥነት የሚወዳደረውንም ይዞት ይወድቃል» ይባል ነበር። የሚገርመው፣ ይህን ይሉ ከነበሩት ብዙዎቹ በዋይልደር ላይ ምንም ጥላቻ አልነበራቸውም። የፈሩት የገጠሩን ነጭ መራጭ ነው።

ዋይልደር ያደረጉትን ልብ በሉ። ስቴሽን ዋገን መኪና ይዘው ጉዟቸውን ከደቡብ ምዕራቡ ጥግ ጀመሩ። ይህ የከሰል ማዕድን ማውጫው ተራራማ አገር ነው፤ ጥቁር ሕዝብ እምብዛም የለበትም፤ «እዚያ አይመርጡህም» የተባለበት ቦታ ነው። ከከተማ ወደ ከተማ እየተዘዋወሩ፣ በየሱቁና በየአደባባዩ እየቆሙ እጅ ጨበጡ። በቴሌቪዥን ማስታወቂያቸው ላይ ደግሞ የገጠር ከተማ ፖሊስ፣ ነጭ፣ የደንብ ልብሱን እንደለበሰ፣ በዚያ ጎተት ባለ የደቡብ አነጋገሩ ድምፁን ለዋይልደር እንደሚሰጥ ተናገረ። ኖቬምበር ላይ 52 በመቶ ገደማ አግኝተው አሸነፉ። ይዟቸው ይወድቃል የተባሉት የአገረ ገዥ ዕጩም አሸነፉ፤ ለጠቅላይ አቃቤ ሕግነት የቀረቡት ሴትም አሸነፉ።

ጥላቻ የለም እያልኩ እንዳይመስላችሁ። በ1989 ዋይልደር ለአገረ ገዥነት ሲወዳደሩ ጥናቶቹ ሰፋ ባለ ልዩነት እንደሚመሩ ያሳዩ ነበር። ድምፁ ሲቆጠር ግን ወደ 1 ሚሊዮን 800 ሺህ ከሚጠጋ ድምፅ ያሸነፉት ከ7 ሺህ ባነሰ ልዩነት ነበር። በስልክ «እመርጠዋለሁ» ብሎ፣ መጋረጃው ውስጥ ሲገባ እጁ የከበደው ሰው ነበረ ማለት ነው። ዋጋ አስከፍሏቸዋል። ሆኖም በአሜሪካ ታሪክ በሕዝብ ድምፅ የተመረጡ የመጀመሪያው ጥቁር አገረ ገዥ ሆኑ። ጥላቻ ስላለ አይሆንም ከተባለና ዕጩው ጨርሶ ካልቀረበ ግን ጥላቻው ስንት ነጥብ እንደሚያህል እንኳ አይታወቅም።

ረጂና ቤትሰን የተባሉ የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር በ2020 ባሳተሙት ጥናት ይህንኑ ጉዳይ በጥልቀት መርምረዋል። ተመሳሳይ ብቃት ያላቸው ዕጩዎች ለሰዎች ሲቀርቡ፣ ሰዎች ነጭ ወንዱ ከጥቁር ሴቷም ከነጭ ሴቷም ይልቅ የማሸነፍ ዕድል አለው ብለው ይገምታሉ። ከዚያም ራሳቸው ምንም ጥላቻ ሳይኖርባቸው፣ ሌላው ሰው ይጠላል ብለው ስለሚያስቡ ብቻ ድጋፋቸውንና ገንዘባቸውን ይነፍጋሉ። ዕጩዋ ገንዘብ ታጣለች፤ ገንዘብ ስታጣ ማስታወቂያ ታጣለች፤ ማስታወቂያ ስታጣ በጥናቱ ወደ ታች ትወርዳለች፤ «አላልኳችሁም?» ይባላል። ግምቱ የራሱን ማስረጃ ይፈጥራል። እኛ ስደተኞች ይህን ነገር ከማንም በላይ ልንጠነቀቀው ይገባል፤ ነገ የእኛው ልጅ ለዕጩነት ስትቀርብ የሚጠብቃት ይኸው ግምት ነውና።

ቨርጂኒያ ውስጥ ግን ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ተቆጥሮ የተቀመጠ መልስ አለ። በ2021 ጃማይካ የተወለዱት ሪፐብሊካኗ ዊንሰም ሲርስ ምክትል አገረ ገዥ ሆነው ተመረጡ። በ2025 ደግሞ ሕንድ የተወለዱት ዴሞክራቷ ጋዛላ ሃሽሚ ለዚያው ሥልጣን ተመረጡ፤ ሙስሊም ናቸው። ሁለት ስደተኛ ሴቶች፣ ከሁለት ፓርቲ፣ በዚያው ክፍለ ግዛት። «ባዕድ አይመርጡም» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ እነዚህን ሁለት ስሞች ንገሩት።

እርግጠኛ የተባለው ዕጩ የሚወድቅበት ጊዜም አለ። በ2021 ለቨርጂኒያ አገረ ገዥነት ዴሞክራቶች አምስት ዕጩዎች ነበሯቸው። ከመካከላቸው ጄኒፈር ካሮል ፎይና ጄኒፈር መክለለን የሚባሉ ሁለት ጥቁር ሴቶች ይገኙበታል። ከፊት የነበሩት ግን የቀድሞው አገረ ገዥ ቴሪ መኮሊፍ ናቸው። ስማቸው ይታወቃል፤ ገንዘብ ማሰባሰብ ይችላሉ፤ ከዚህ ቀደም አሸንፈዋል። በውስጥ ምርጫው 62 በመቶ አገኙ። ባይደን ከአንድ ዓመት በፊት ቨርጂኒያን በ10 ነጥብ አሸንፈው ነበር፤ ሪፐብሊካኖችም ከ2009 ወዲህ በመላው ክፍለ ግዛት አንድም ምርጫ አላሸነፉም ነበር። ከዚህ በላይ ምን ማስተማመኛ ይፈለጋል?

የውስጥ ምርጫው በተደረገበት በጁንና በኖቬምበር መካከል ግን አምስት ወር አለ። በኦገስት የአሜሪካ ጦር ከአፍጋኒስታን ሲወጣ የታየው ትርምስ የባይደንን ተቀባይነት አወረደው። በሴፕቴምበር መኮሊፍ በክርክር መድረክ ላይ ትምህርት ቤቶች ምን ማስተማር እንዳለባቸው ወላጆች ሊነግሯቸው አይገባም የሚል ንግግር አመለጣቸው። የሪፐብሊካኖቹ ዕጩ ግሌን ያንግኪን ያን ንግግር ማስታወቂያ አድርገው ሌት ተቀን አሰሙት። የእኛም ማኅበረሰብ በታሪኩ ውስጥ አለ። የባይደን መንግሥት በኢትዮጵያው ጦርነት ላይ በያዘው አቋም የተቆጡ የሰሜን ቨርጂኒያ ኢትዮጵያውያን ለያንግኪን ድምፅ እንዲሰጥ ቀስቅሰዋል። መኮሊፍ በ63 ሺህ ድምፅ ገደማ፣ በ2 ነጥብ፣ ተሸነፉ።

ቀድሞ ሊታይ የሚችል ነገር ነበረ ወይ? አዎ፣ አንድ ነበረ። ከ1977 ጀምሮ ዋይት ሀውስን የያዘው ፓርቲ የቨርጂኒያን አገረ ገዥነት ያሸነፈው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም በ2013 መኮሊፍ ራሳቸው ያሸነፉት። መሬቱን አስቀድሞ ያየ ሰው በ2021 ማንኛውም የዴሞክራት ዕጩ ነፋስ ፊቱን እየመታው እንደሚሮጥ ያውቅ ነበር። በ2025 ትራምፕ ዋይት ሀውስ ሲሆኑ ነፋሱ ዞረ፤ ዴሞክራቷ አቢጌል ስፓንበርገር በሰፊ ልዩነት አሸንፈው የቨርጂኒያ የመጀመሪያዋ ሴት አገረ ገዥ ለመሆን በቁ።

ስፓንበርገርን ያነሳሁት የተቆጠረ ማስረጃ ምን እንደሚመስል ስለሚያሳዩ ጭምር ነው። በ2018 ለምክር ቤት የተወዳደሩት ሪፐብሊካኖች ለአሥርተ ዓመታት በያዙት፣ ትራምፕም በ2016 ባሸነፉበት 7ኛ ወረዳ ነው። ከ2 ነጥብ ባነሰ ልዩነት አሸነፉ። በ2020 ደገሙት፤ አሁንም ከ2 ነጥብ ባነሰ። ይህ በሌላው ፓርቲ ሜዳ ሄዶ ድምፅ ማምጣት ነው። አንድ ዕጩ «እኔ አሸንፋለሁ» ሲል የት፣ መቼ፣ በስንት ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያም በዚያው ቀን በዚያው ቦታ የፓርቲው ሌላ ዕጩ ካገኘው ድምፅ ጋር አስተያዩት። ከፓርቲው ጓዶች በልጦ ከተገኘ አንድ ነገር አለው። እኩል ወይም በታች ከሆነ ያሸነፈለት ወረዳው ነው። ውጤቱ ሁሉ በክፍለ ግዛቱ የምርጫ ቢሮ ድረ ገጽ ላይ በየምርጫ ጣቢያው ተዘርዝሮ አለ፤ ፓስወርድም ክፍያም የለውም።

የአስተያየት ጥናት ሲወጣም ሁለት ነገር እዩ። ጥናቱ የተደረገው ከምርጫው ስንት ወር ቀድሞ ነው? ዕጩዋንስ «አላውቃትም» ያለው ስንት ሰው ነው? ከብዙ ወራት በፊት የሚደረግ ጥናት ባብዛኛው የሚለካው የማንን ስም እንደሰማን ነው። የኖቬምበሩ መራጭ የውስጥ ምርጫው መራጭ አለመሆኑንም አትርሱ። በ2021 በቨርጂኒያ ዴሞክራቶች የውስጥ ምርጫ ድምፅ የሰጠው ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ሲሆን ኖቬምበር ላይ የወጣው ከ3 ሚሊዮን 200 ሺህ በላይ ነው።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ፤ ይህኛው በጣም ያስቆጣኛል። በ2022 በሜሪላንድ የሪፐብሊካኖች የአገረ ገዥ ምርጫ፣ ሆገን የደገፏቸው ኬሊ ሹልዝና ትራምፕ የደገፏቸው ዳን ኮክስ ተፋጠጡ። በዚህ መሀል የዴሞክራት አገረ ገዥዎች ማኅበር ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቶ ስለ ኮክስ ማስታወቂያ አስነገረ። ማስታወቂያው ለላይ ዓይን ነቀፌታ ይመስላል፤ ኮክስ ወግ አጥባቂ ናቸው፣ የትራምፕ ሰው ናቸው ይላል። ለሪፐብሊካን መራጭ ጆሮ ግን ሙገሳ ነው። ዓላማውም በኖቬምበር የሚቀለውን ተጋጣሚ መምረጥ ነበር። ኮክስ አሸነፉ፤ ኖቬምበር ላይ ዌስ ሙር በእጥፍ ገደማ ድምፅ ረቷቸው። ስልቱ ሠራ። እኔ ግን የሌላውን ፓርቲ መራጭ በማታለል የተገኘን ድል አልወደውም፤ የትኛውም ፓርቲ ቢያደርገው። አንድ ጊዜ ሒሳቡ የተሳሳተ ዕለት አይገባም የተባለው ሰው ሥልጣን ላይ ይቀመጣል። ለእናንተ የምመክረው አንድ ነገር ነው፦ የማስታወቂያውን መጨረሻ በትናንሽ ፊደል የተጻፈውን «የከፈለው እከሌ» የሚለውን አንብቡ። ከፋዩ የሌላው ፓርቲ ድርጅት ከሆነ የሚነግራችሁ ማንን እንደሚፈራ ነው።

በዚያው ዓመት በዴሞክራቶቹ በኩል ሙር ያሸነፉት በ32 በመቶ ድምፅ ነው፤ ቀጣዩ ቶም ፔሬዝ 30 በመቶ ነበራቸው። ዕጩው ሲበዛ ከሦስት መራጮች የአንዱን ድምፅ ያላገኘ ሰው የፓርቲው ሰንደቅ ተሸካሚ ሊሆን ይችላል። ሃሽሚም በ2025 የውስጥ ምርጫውን ያለፉት ከ28 በመቶ ባነሰ ድምፅ ነው። እንዲህ በተከፋፈለ ሜዳ ላይ የአንድ ቤተ ክርስቲያን፣ የአንድ መስጊድ፣ የአንድ አፓርትመንት ሕንፃ ነዋሪ ድምፅ ክብደት አለው። ኖቬምበር ላይ «የእኔ ድምፅ ምን ይለውጣል?» የሚል ሰው በውስጥ ምርጫው ቢመጣ ምን ያህል እንደሚለውጥ ያያል።

ለመምጣት ግን ደንቡን ማወቅ ያስፈልጋል። ሜሪላንድ ውስጥ የውስጥ ምርጫው የተዘጋ ነው። በዴሞክራቶች ምርጫ ድምፅ የሚሰጠው ዴሞክራት ተብሎ የተመዘገበ፣ በሪፐብሊካኖችም ሪፐብሊካን ተብሎ የተመዘገበ ነው። ከወገኖቻችን ብዙዎቹ ሲመዘገቡ የፓርቲውን ሣጥን ባዶ ትተውት፣ በምርጫው ቀን የአገረ ገዥ ወይም የሴናተር ምርጫ የሌለበት ወረቀት ሲሰጣቸው ይገረማሉ። ፓርቲ የመምረጫው ወይም የመቀየሪያው ቀን ከምርጫው ሳምንታት ቀደም ብሎ ያበቃል፤ አሁኑኑ ምዝገባችሁን ተመልከቱ። ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ በፓርቲ መመዝገብ የለም። ምርጫ ጣቢያው ትደርሳላችሁ፤ ስምና አድራሻችሁን ትናገራላችሁ፤ አስመራጩ «የየትኛውን ፓርቲ ወረቀት ልስጥዎ?» ይላችኋል። አንዱን ብቻ ትመርጣላችሁ። ክቡን አጥቁራችሁ ወደ ማሽኑ ታስገባላችሁ። የሥራ ፈረቃ ለማያመቻችሁ፣ በአካል ቀድሞ ድምፅ መስጠት የሚጀመረው ከምርጫው 45 ቀን በፊት ነው።

ይህን ሳልናገር ባልፍ ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም፦ ለአገረ ገዥም ሆነ ለሴኔት ድምፅ የሚሰጠው ዜጋ ብቻ ነው። ግሪን ካርድ የያዘ ሰው መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ የመራጭነት ቅጽ ቢቀርብለት እንዳይፈርም። በስሕተትም ቢሆን ዜግነት የማግኘት ዕድሉን ሊያሳጣ፣ ከአገር እስከ መባረርም ሊያደርስ የሚችል ጉዳይ ነው። ዜጋ ያልሆናችሁ አድማጮች ልጆቻችሁን ቀስቅሱ፤ በስብሰባ ላይ ተገኝታችሁ ዕጩውን ጠይቁ። ጥያቄ ለመጠየቅ ዜግነት አያስፈልግም።

በሚቀጥለው ሳምንት የናሙናውን ድምፅ መስጫ ወረቀት ከየት እንደምናገኝና ከላይ እስከ ታች እንዴት እንደሚነበብ አንድ በአንድ እናያለን። ያልገባችሁ ነገር ካለ እስከዚያው ደውሉልን።